«ያሳድጋት» እና «ያሳድግልኝ»

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ጋደም ስል ባቡሩ ይመጣል። አሮጌው ባቡር ከቆመ ስንት ጊዜው፤ ሀዲዱን ሣር ውጦታል፤ በጣቢያው በኩል ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠራሉ። እኔ ግን ዓይኔ ከደን ሲል ፉጨቱን እሰማዋለሁ። መጀመሪያ ከወንዙ ማዶ ሰለል ብሎ፣ ከዚያ እየወፈረ፣ ከዚያ የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ። የልጅ ልጄ «እማምዬ፣ ሚኒባስ እኮ ነው» ትለኛለች። ይሁንላት። ፍርድ ቤት ውስጥ ከተማርኩት አንዱ፣ ሰማሁ ያለን ሰው አልሰማህም ብሎ መከራከር ትርፍ እንደሌለው ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህች አጭር መንገድ ላይ ስመላለስ ነው። መንገዷ የጀመረችው ከቤታችን ነው። አባቴ ከባቡሩ ጋር መጥቶ አቃቂ የቀረ ሀዲድ ጠጋኝ ነበር፤ እናቴ የዚሁ የአቃቂ ገበሬ ልጅ። አባቴ በአማርኛ ይመርቀኛል፣ እናቴ በኦሮምኛ ትቆጣኛለች፤ ሲጣሉ መሀል የምቆመው እኔ ነኝ። «ምን አለች?» ይለኛል አባቴ፣ አሳምሮ ሰምቶ። ያለችውን ለስለስ አድርጌ እነግረዋለሁ። እሷም «ምን አለ?» ትላለች፣ የእሱንም አለሰልሳለሁ። ሥራዬን የጀመርኩት እንግዲህ በማለስለስ ነው፤ ደግሞም ቤታችን ሰላም ነበረው።

ፍርድ ቤት የገባሁት በታይፕ ጸሐፊነት ነው። አንድ ቀን አስተርጓሚው ታመው ሲቀሩ፣ ዳኛው «ይህን ቋንቋ የሚሰማ ማነው?» አሉና ጣቴን ከታይፑ ላይ ሳላነሳ መለስኩላቸው። በዚያው ቀረሁ። ደመወዙ ከጸሐፊ ያንስ፣ ከተላላኪ ይበልጥ ነበር፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

ታመው የቀሩት አስተርጓሚ ጋሽ ገመቹ ይባላሉ። ተሽሏቸው ሲመለሱ ቦታዬን ቀማሽኝ ብለው ያባርሩኛል ብዬ ስፈራ፣ አጠገባቸው አቆሙኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባርኔጣቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ነበሩ። የሚወርደው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው ቃል ሊናገሩ ሲሉ። «የሰው ቃል ባርኔጣ ላይ አይጫንም» ይሉኝ ነበር። ሁልጊዜ ከተናጋሪው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ትንፋሹን ከሚሰሙበት ቦታ ይቆማሉ። ፊቱን አያዩም። «ፊት ይዋሻል፤ አንቺ አፉን ጠብቂ» ይላሉ።

ደግሞ «ይላል» የምትባለውን ቃል አይወዱም። ተከሳሹ «ገደልኩ» ካለ፣ ጋሽ ገመቹም ያው በዚያ ለዘብ ባለ ድምፃቸው «ገደልኩ» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን «በሬውን ሰረቅሁ ይላል» ብዬ ተርጉሜ ወጥተን ስንሄድ፣ «"ይላል" ካልሽ ወሬ አመጣሽ እንጂ ቃሉን አላመጣሽም» ብለው ገሠጹኝ። በዚህ ጠባያቸው ገበያው ይስቅባቸው ነበር። ችሎት ያዩ ሴቶች «ጋሽ ገመቹ ዛሬ ደግሞ ሚስቴን ደበደብኩ ብለው አመኑ» እያሉ ያወራሉ፤ ባለቤታቸው ደግሞ በጣም ጨዋ ሴት ነበሩ፣ ያፍራሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ዝምታ መተርጎማቸው ነው። ምስክር ተጠይቆ መልስ ሲያጣ፣ ሌላው አስተርጓሚ አብሮ ዝም ይላል። ጋሽ ገመቹ ግን ትንሽ ይጠብቁና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ዝም ብያለሁ» ይላሉ ለዳኛው። ችሎቱ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። ዝምታም መልስ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ፍርድ ቤታችን አቃቂ፣ በሰቃ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሀዲዱ ብዙም የማይርቅ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነበር። ባቡር ሲያልፍ ጣሪያው አብሮ ስለሚዘፍን ክርክሩ ይቆማል፤ ዳኛው ብዕራቸውን ያስቀምጣሉ፣ ጠበቃው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ለእኔ ያ የዕረፍት ሰዓት ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ገመቹ አንድ ቀን ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ባቡር ሲያልፍ ነው ጆሮሽ መቆም ያለበት» አሉኝ። «ሰው እውነቱን ጫጫታ ውስጥ ይጥላታል፤ ማንም እንዳያነሳት።» በጊዜው የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዞርኩ። ደብረ ዘይት ተዛውሬ ስሠራ የነበሩት ዳኛ ቸኩሎ የሚበላ ሰው ዓይነት ነበሩ፤ ቃሉን ሳልጨርስ ይጽፉታል። ቃሊቲ ደግሞ ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፉ ዳኛ ገጠሙኝ፤ ለእሳቸው የተረጎምኩት ለሕልማቸው ይሁን ለፍርዳቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሁሉም አልፏል፣ አብዛኛው ከነስሙ ጠፍቶኛል። ዓይኔን ስከድን ጥርት ብሎ የሚመጣው ወደ አቃቂ ተመልሼ፣ ጋሽ ገመቹ ጡረታ ወጥተው፣ ብቻዬን ስቆም ያጋጠመኝ የአንዲት ልጅ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ ጽጌ ትባላለች። ትምህርት ቤት ለመግባት ጥርሷን እስክትነቅል የምትጠብቅበት ዕድሜ ላይ ነበረች። እናቷ ወርቅነሽ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ወላጅ አባቷ ቶሎሳ የአቃቂ አካባቢ ገበሬ ልጅ ሲሆን፣ ጽጌ ገና ጡት ሳትጥል በባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ወረደና እዚያው ቀረ። ወርቅነሽ በኋላ መንገሻን አገባች። መንገሻ ጣቢያው ላይ፣ ባቡሩ በየትኛው ሀዲድ እንደሚገባ መዘውሩን የሚያዞር ሰው ነበር። ዝምተኛ ነው፤ አንድ ቃል ሲናገር ከኪሱ ያወጣው ይመስላል። ጽጌ መዳህ የጀመረችው በእሱ ቤት ነው፣ አባዬ የምትለውም እሱን ነው።

ወርቅነሽ ሳንባዋን ታመመች። ሐኪም ቤት ተመላልሳ፣ የነገሯትም ያልነገሯትም ሲገባት፣ መንገሻን ይዛ ፍርድ ቤት መጣች። ልጄን በጉዲፈቻ የእሱ አድርጉልኝ ነው የምትለው። እኔ በዚያ ቀን ለሌላ ጉዳይ ተቀምጬ ነበር፤ እሷ አማርኛ ስለምትናገር አላስፈለግኋትም።

«አባቷስ?» አሉ ዳኛው። መነጽራቸውን እየወለወሉ የሚጠይቁ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ።

«አባቷ ጠፍቷል ጌታዬ።»

«የት ነው የጠፋው?»

«ድሬዳዋ።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። «እህቴ፣ ድሬዳዋ ያለ ሰው ለእርስዎ ጠፍቷል፤ ለሕጉ ግን አልጠፋም። ያለበት ከታወቀ ፈቃዱ መጠየቅ አለበት።»

«እሱ ሲሄድ የእኛን ፈቃድ አልጠየቀም።»

«ይገባኛል።»

«እኔ ነገ ብሞት ልጄ የማን ናት?»

«የአባቷ ናት።»

ወርቅነሽ ወደ መንገሻ ዘወር ብላ አየችው። «የትኛው?» አለች።

ዳኛው መነጽራቸውን አጠለቁና መጥሪያ ወደ ድሬዳዋ እንዲላክ አዘዙ።

ቶሎሳ በቀጠሮው ቀን በባቡር መጣ። ክፉ ሰው እጠብቅ ነበር። የመጣው ጫማው የተወለወለ፣ ኮቱ ሰፋ ያለበት፣ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ የጨነቀው ሰው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዟል። ለልጁ የገዛው ቀሚስ ነበር፤ ደጅ ላይ ሲፈታው አየሁት፤ ጥሏት ለሄደው ሕፃን የሚሆን፣ ለጽጌ ክንዷ እንኳን የማይገባባት። መልሶ ጠቀለለው። እናቷ ሳቅ ወይ ለቅሶ መሆኑ ያልታወቀ ድምፅ አሰማች።

አማርኛ አይችልም ማለት አይደለም። ዳኛው ሲጠይቁት፣ «አማርኛዬ ለገበያ ይበቃኛል። የልጄን ነገር ግን በአፌ ልናገር» አለ፤ በአፌ ማለቱ በእናቱ ቋንቋ ማለቱ ነው። ስለዚህ ተጠራሁ። ጋሽ ገመቹ ሥራ ፈትተውም ችሎት መምጣት አልተዉም ነበርና፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ ባርኔጣቸውን ጭነው ተቀምጠዋል። ጆሯቸው ደክሟል፤ አፌን ነው የሚያዩት። እኔም የእሳቸውን ልማድ ወርሼ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ወደ ትከሻዬ አወረድኩ፣ ከቶሎሳ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ቆምኩ።

«አቶ መንገሻ ልጅቷን በጉዲፈቻ እንዲያሳድጋት ይፈቅዳሉ?»

ጉዲፈቻ ራሱ ከእናቴ ቋንቋ የመጣ ቃል ነው፤ ለራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። ተረጎምኩለት። ቶሎሳ ጣሪያውን አየ። ጠበቅሁ።

«ዝም ብያለሁ» አልኩ ለዳኛው።

ያን ጊዜ ባቡሩ መጣ። የቆርቆሮው ጣሪያ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ፣ ድምፁ ከሰማይ የወረደ ይመስል ሁሉን ነገር ሸፈነው። ቶሎሳ በዚያ ድምፅ ውስጥ ተናገረ። «ሃ ጉዲሱ» አለ። ያሳድጋት ማለት ነው። ኦሮምኛ የሚሰማው ሁሉ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ይዞ ተቀበለው፤ አግዳሚው ላይ ማጉረምረም ሆነ፤ ወርቅነሽ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ነገር ግን ከዚያ ቃል በፊት፣ ከንፈሩ ሳይከፈት ማለት ይቻላል፣ አንዲት ሌላ ቃል ወጥታ ነበር። «ናፍ»። ለእኔ ማለት ነው። እሷን የሰማሁት ትንፋሹ አጠገብ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ባቡሩ አለፈ። «ምን አሉ?» አሉ ዳኛው።

ያች ቅጽበት ከመርዘሟ የተነሳ አሁን ድረስ ውስጧ እዞራለሁ። «ያሳድጋት» ብል ውሸት አይባልም፤ ሁሉም የሰማው እሱን ነው። ዳኛው ተስማምቷል ብለው ይጽፋሉ፣ ወርቅነሽ ዕፎይ ብላ ቤቷ ትገባለች። እናትና አባቴን ሳስታርቅ ከዚህ የበለጠ ስንት ነገር ውጬ አድጌያለሁ። ጋሽ ገመቹ ከኋላ አፌን ያያሉ። ወርቅነሽ ዓይኗን ገለጠች፣ ታየኛለች።

«ያሳድግልኝ» አልኩ።

ዳኛው ቀና አሉ። «ያሳድግልኝ? ለማን?»

ጠየቅሁት። ቶሎሳ አሁን ድምፁን አውጥቶ መለሰ፣ እኔም እንደ ልማዳችን በእሱ ቦታ ቆሜ ተናገርኩ። «ለእኔ። ልጄ ናት። በስሜ የሚጠራ ሌላ የለኝም። ዳቦውን ያብላት፣ እመርቀዋለሁ። ስሟ ግን ከእኔ ጋር ይቆይ።» ልጄ ናት ስል የወርቅነሽ ዓይን ላዬ ላይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

ወላጅ አባት ስላልፈቀደ ጥያቄው አልተፈቀደም ተባለ። ዳኛው ሲያነቡት ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

ደጅ ላይ ወርቅነሽ መንገዴ ላይ ቆመች። ሳል ይዟታል፤ እስኪለቃት ጠበቅኋት።

«እህቴ» አለችኝ፣ «"ልኝ"ን ብትውጫት ታንቅሽ ነበር?»

ይቅርታ እንዳልል ያጠፋሁት የለም፤ ዝም እንዳልል ደግሞ የምትሞት ሴት ናት። ቆሜ ቀረሁ። መንገሻ ከኋላዋ ጽጌን በእጁ ይዞ ነበር። ከኪሱ እንደሚያወጣ አድርጎ፣ «እንደሱ ነው ያለው? አሳድግልኝ?» አለኝ።

«እንደሱ ነው።»

«እሺ» አለ።

ጋሽ ገመቹን እያስከተልኩ በሀዲዱ ዳር ስንሄድ፣ ልክ ነኝ እንዲሉኝ ፈልጌ ጠየቅኋቸው። «እኔ አልሰማሁም» አሉኝ። «የሰማሽው አንቺ ነሽ።» እስከ ቤታቸው ድረስ ስለ ዝናቡ ነው ያወራነው። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩባቸው።

ወርቅነሽ ክረምቱን አልጨረሰችም። ቀብሯ ላይ ከሰው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ። መስቀል አልፎ ብርዱ ሲመጣ ቶሎሳ በአንድ የባቡር ሠራተኛ በኩል፣ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ ብሎ ቃል ላከ። ሕጉም ከእሱ ጋር ነበር። መንገሻ ቢሮዬ ደጅ ድረስ መጥቶ፣ «እርስዎ ጣቢያ ቢመጡልን» አለኝ። «ቃል እንዳይጠፋብን።»

ያ ጠዋት ነው አሁን በተኛሁበት የሚመጣው። ከአቃቂ ወንዝ የተነሳው ጉም ሀዲዱን ሸፍኖታል፤ ሰው ከጉልበቱ በታች አይታይም፣ ሁሉም የሚንሳፈፍ ይመስላል። የባሕር ዛፉ ጠብታ ያንጠባጥባል። ቶሎሳ ማታውኑ ገብቶ ዘመዶቹ ጋ አድሮ፣ ያንኑ ኮት ለብሶ ቆሟል። በዚህኛው ጊዜ በብብቱ ምንም አልያዘም። መንገሻ ጽጌን በአንድ እጁ፣ የልብሷን ጥቅል በሌላው ይዞ ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

«ጽጌ፣ ሰላም በያቸው» አላት።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «እንደምን አደሩ፣ ጋሼ» አለች።

ለማታውቀው ትልቅ ሰው የሚባለውን ነው ያለችው፤ ጨዋ ልጅ ናት። ቶሎሳ የተወለወለ ጫማውን አየ።

መንገሻ ጥቅሉን አቀበለው። ከዚያ ያ ዝምተኛ ሰው፣ በሕይወቱ ያላወራውን ያህል አወራ። «ጆሮዋን ነፋስ ይጎዳታል፤ ባቡር ውስጥ ከመስኮት ራቅ አድርጋት። ከዳቦ ቅርፊቱን ነው የምትወደው፣ ውስጡን ቆጥባ ለውሻ ትሰጣለች፤ አትቆጣት። ማታ እናቷን ትጠራለች። መብራት አታብራ። እጇን ብቻ ያዛት፣ ተመልሳ ትተኛለች።» ቀና ብሎ ቀጠለ። «አሳድግልኝ ብለኸኝ ነበር። ይኸው፣ አሳድጌልሃለሁ።»

ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ አውርጄ አፌን ልከፍት ስል ቶሎሳ እጁን አነሳ። ገብቶታል። ከቃሊቲ በኩል ፉጨቱ ተሰማ፣ ቀጭን ሆኖ። ቶሎሳ ዝም አለ፤ በልማድ «ዝም ብያለሁ» ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ጥቅሉን መሬት ላይ አኖረና በርከክ አለ። የልጅቷን ነጠላ ወደ ላይ ሳብ አድርጎ፣ ነፋሱ የሚመጣበትን ጆሮዋን ሸፈነላት። እጁ ትንሽ ቆየ። ተነሳ። ጥቅሉን ለመንገሻ መልሶ ሰጠውና፣ በዚያች ለገበያ ትበቃኛለች ባላት አማርኛው፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ተናገረ።

«አሳድጋት።»

መንገሻ አልተንቀሳቀሰም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም። የቃሉን ጭራ እየጠበቅን ነበር።

ባቡሩ ገባ፣ ቆመ፣ ሄደ። ቶሎሳ አልተሳፈረም። ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ከዳኛው ፊት ቆሞ ያንኑ ቃል በራሱ አፍ ደገመው። እኔ ግማሽ እርምጃ ከኋላው ቆሜ ሥራ ፈታሁ፤ ጋሽ ገመቹ ከአግዳሚው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር። ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጽጌ መንገሻ ናት።

ወርቅነሽ ግን አልሰማችም። ይኼ ነው እንቅልፌን የሚያሳሳው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል፣ ባቡሩ ከወንዙ ማዶ ሲጀምር፣ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። አትቆጣኝም። ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ያ ሰው በጫጫታው ውስጥ ቃሉን ይናገራል፣ እኔና እሷም ጆሯችንን አቁመን «ልኝ»ን እንጠብቃለን። ባቡሩ እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ያች «ልኝ» አትመጣም።